አቶ አምባቸው ተገኝ እና የአርማጭሆው ንዳድ

ዛሬ የምንሸኛቸው አባታችን አቶ አምባቸው ተገኝ ቆለኛ ነበሩ፤ ይህንንም ሳይናገሩ የዋሉበት ቀን የለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 በጎንደር፣ ታች አርማጭሆ ውስጥ ከአባታቸው ከአቶ ተገኝ ፈንቴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩዬ አበጀ ተወለዱ። ትምህርት ቤት አልገቡም። ከመንደሩ ቄስ ኦሪትና ጸሎት፣ ከአባታቸው ደግሞ የብረት ሥራ ተማሩ። ገና በወጣትነታቸው የእሳቸው ማረሻ አይታጠፍም እየተባለ ገበሬው ከሩቅ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር።

በ1961 ከወይዘሮ የሺአረግ ዓለሙ ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። በ1984 ቤተሰባቸውን ይዘው በእግር ወደ ሱዳን ወጡ። በስደተኞች ሰፈር ንዳድ፣ ሐኪሞች ወባ የሚሉት ማለት ነው፣ ከወገኖቻችን ከቤተ እስራኤል ብዙ ሰው ፈጀ። አባታችንም ተኝተው ነበር፤ እሳቸው ግን ተነሡ። ከዚያ በኋላ ስለ ንዳድ ሲያወሩ ስለ አንድ ነገረኛ ጎረቤት የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

በ1985 እስራኤል ገብተው ኔታንያ ከተማ፣ ኪርያት ኖርዳው ሰፈር ተቀመጡ። ዕብራይስጥ ለመማር ኡልፓን ቢገቡም፣ ከቋንቋው ይልቅ እንቅልፉ ይቀናቸው እንደነበር አስተማሪያቸው ሳይቀሩ ስቀው ይናገራሉ። የመስኮት ብረት በሚሠራ ወርክሾፕ ተቀጥረው እስከ መጨረሻው ሠሩ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ የሕንጻችን በር ላይ ቁጭ ብለው፣ ከገበያ የሚመለሱትን ሴቶች የጋሪ ጎማ ይጠግኑ ነበር። ሲያመሰግኗቸው አስጨርሰው አይሰሙም።

ደም በመስጠትም ከሥራ ጓደኞቻቸው ፊተኛው ነበሩ። በ1996 ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች የሰጠነው ደም በሽታ ይኖርበታል ተብሎ ሲደፋ መኖሩ በተሰማ ጊዜ ኢየሩሳሌም ሄደው ሰልፍ ወጡ። ተናድደው ነበር፤ ንዴቱም አልወጣላቸውም። ይህን እዚህ ላይ የጻፍነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ብርሃነሽ እዚያው አርማጭሆ ቀርተዋል። እሳቸውን ለማየት በዚህ ዓመት፣ ከዳስ በዓል በኋላ፣ አባታችን ከታናሽ ወንድማቸው ከአቶ ዘመነ ጋር ተነሡ። ከጉዟቸው በፊት ተጓዦችን የምታይ ነርስ የወባ ክኒን ሰጥታ በየሳምንቱ እንዲውጡ፣ አጎበርም እንዲዘረጉ አስጠነቀቀቻቸው። አባታችን «ያን ውሃ ጠጥቼ ያደግሁ ሰው ክኒን ልዋጥ? ቢምቢዋም እኮ ታውቀኛለች!» ብለው አሳቋት። ክኒኑን ተሸክመው ሄደው ለእህታቸው ልጆች አደሉት። አጎታችን ዘመነም ታላቃቸው ያልዋጡትን መዋጥ ነውር መስሏቸው የራሳቸውን ጨምረው ሰጡ። ዝናቡ ገና መቆሙ ነበር፤ ትንኙ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ሰውነት ንዳድን የሚቋቋምበት ኃይል ከቆላ ርቀው ሲኖሩ እንደሚጠፋ ሐኪም የነገረን አሁን ነው። ይህን ያህል ዘመን ኔታንያ የኖረ ሰው ለዚያ ትንኝ እንደ ማንኛውም እንግዳ ነው።

ለጾምና ለጸሎት በዓላችን ለስግድ ተመልሰው ኢየሩሳሌም ሲጾሙ ዋሉና ማታ ብርድ ብርድ አላቸው። እኛም የጾሙና የነፋሱ ነው አልን። ኩፓት ሆሊም ወደሚባለው ክሊኒክ ስንወስዳቸው እናታችን ብቻ አብረዋቸው ገቡ፤ ሐኪሟ ውጭ አገር ሄደው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አባታችን «ሎ» አሉ፤ አልሄድኩም ማለታቸው ነው። ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ለእናታችን «ደማችንን የደፉት አንሶ፣ ዛሬ ደግሞ በሽታ ይዘው መጡ ይበሉን? ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» አሏቸው። እናታችንም ባላቸውን በሐኪም ፊት ማሳጣት ከበዳቸው። ሐኪሟ የሰማችውን ይዛ የትኩሳት መድኃኒት ሰጠች። ትኩሳቱ ሲተዋቸው ተነሥተው እህል ይጠይቃሉ፤ እኛም ተሻላቸው ብለን እንተኛለን። በኋላ ቃላቸው ሲዘባረቅ ሆስፒታል አስገባናቸው። እናታችን የአርማጭሆውን ጉዞ ያን ጊዜ ተናገሩ፣ ደማቸው ተመረመረ፣ ወባው ተገኘ፣ መድኃኒቱም ተጀመረ። ነገር ግን አንጎላቸውንና ኩላሊታቸውን ይዞት ነበር። ሐሙስ ኖቬምበር 26 ቀን 1998፣ በስልሳ ዓመታቸው አረፉ።

ባደረባቸው ሕመም አረፉ ብለን እንድናልፈው የመከሩን ዘመዶች አሉ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ስማችን ዳግመኛ በበሽታ እንዳይነሣ ፈርተው ነው። እኛም ፈርተናል። እናታችን ግን «እሳቸው ሸሽገው ሞቱ፤ እኔ ደግሞ ሸሽጌ ሰው አልገድልም» ስላሉ እንዳለ ጽፈነዋል። በዚህ በብርዱ ወራት አገር ቤት ለመሄድ ቲኬት የቆረጣችሁ እዚህ መካከላችን ቆማችኋል። ክኒኑን ዋጡ። ስትመለሱ ትኩሳት ከያዛችሁ የሄዳችሁበትን ተናገሩ።

አባታችን ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺአረግን፣ ልጆቻቸውን ታሪኳን፣ ኦዲያንና ኦሪን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ገና መርዶው ያልደረሳቸውን እህታቸውን ወይዘሮ ብርሃነሽን እና ወንድማቸውን አቶ ዘመነን ትተውልን ሄደዋል። ቁጡ፣ ኩሩና ለሰው የሚደክሙ አባት ነበሩ፤ በጣም ይናፍቁናል። የእስራኤል አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ዘንድ ያሳርፍልን።

አንድ ነገር ይቀረናል። አጎታችን ዘመነ ከትናንት ማታ ጀምሮ ይንቀጠቀጣሉ። የወንድሜን ለቅሶ ትቼ የትም አልሄድም፣ የሐዘኑን ሰባት ቀን ሳልቀመጥ አልነሣም ብለውናል። አጎታችን፣ ቄሳችንን ጠይቀን፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ ብለዋል፤ ሰባቱን ቀን እኛ እንቀመጥልዎታለን፣ ማንም አይወቅስዎትም። ኦሪ መኪናውን የመቃብሩ በር ላይ አቁሞ እየጠበቀዎት ነው። ሐኪሙ የት ነበሩ ሲልዎት፣ አርማጭሆ ይበሉት።

ልጃቸው ታሪኳ አምባቸው