የሰባተኛዋ ደቂቃ ግኝት

ሚጢዬ፣

ካርዷ ጠባብ ናት፤ ወሬዬ ግን ሰፊ ነው። አለቃችን ስሜን ሰርዞ የራሱ ያደረገውን ጥናት ትናንት እዚህ ጉባኤ ላይ አቀረበ። እኔም በራሴ ትኬት መጥቼ ከኋላ ተቀምጫለሁ። የካንሰር እጢ ውስጥ ገብተው በማግኔት ስለሚሞቁት ናኖ ብናኞቻችን ሲያወራ ምላሱ ቅቤ ነበር። ስብሰባውን የሚመሩት አሮጊት ሐኪም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ሰባተኛዋ ደቂቃ ላይ ሙቀቱ ለምን ወረደ ልጄ?” አሉት።

“የብናኞቹ ባሕርይ ነው፤ አዲሱ ግኝታችን እሱ ነው” አይል መሰለሽ።

እጄን አወጣሁ። “ግኝት አይደለም ዶክተር። ብናኞቹ ስለዘቀጡ ክዳኑን ከፍቼ ያማሰልኩት እኔ ነኝ። ሰዓት ይዛ የቆጠረችው ጓደኛዬ ምስክሬ ናት” አልኩ፤ አንቺን ማለቴ ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ውሃውን ጨለጠ።

ዛሬ ጠዋት ሴትዮዋ ቤተ ሙከራቸው ወስደውኝ “እስቲ አሳዪኝ” አሉኝ። የእኛ ማሽን እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፤ የእነሱ እንደተኛች ድመት ነው የሚያንኮራፋው። ሰባተኛዋ ደቂቃ ላይ ክዳኑን ከፍቼ ሳማስል ሙቀቱ ልክ እንደዚያን ቀን ወረደ። ሳልከፍተው ስሞክር ቀጥ ብሎ ወጣ። ሴትዮዋ የጉባኤው መጽሔት አዘጋጅም ናቸው፤ ለኅትመት የተዘጋጀውን የአለቃችንን ወረቀት አወጡና የእሱን ስም ሰርዘው፣ “በይ ስምሽን ከነአባትሽ ጻፊ” አሉኝ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ የበሩን ጥበቃ ጋሼንም ሰላም በዪልኝ። አለቃችን ሰኞ ሲገባ ፊቱን አጥቁሮ ካየሽ እንዳትደነግጪ፤ ከእኔ ስም ቀጥሎ ያንቺን ጽፌዋለሁ።