የጠበቅከው ዝናብ

ኢድሪስዬ፣ አላህ ይዘንልህ፤

ከተለየኸኝ ወዲህ ደረቆቹ ወራት በሙሉ አለፉ። ትናንት ዘነበ፤ አንተ ስትጠብቀው የኖርከው ዓይነት፣ መንገዱን ወንዝ አድርጎ ባጃጆቹን ያስቆመ ዝናብ። ለሌላ ሰው ብነግረው «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያልፋል፤ ለአንተ ግን በዝርዝር ልጻፍልህ።

ሼክ ኑር ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። በአማርኛ የሚመልስልኝ ሰው ግን የለም። ገበያውንም ጎረቤቱንም በሶማልኛ እወጣዋለሁ፤ ለብቻዬ ስስቅ አሁንም በአማርኛ ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን ዲሽህን ጎረቤታችን ኸድጃ «ይኼን ሁሉ ጊዜ ቆሞ አንድ ኳስ እንኳ አላሳየንም» ማለቷን አልተወችም። ታስተምርበት የነበረው ዩኒቨርሲቲ የኦፕቲካል ፋይበር ገመድ ስላስገባ፣ ከእኛ ጣሪያ ወደ ላቦራቶሪው የሚሄደው ሞገድ አያስፈልግም ተብሏል። ተማሪህ የነበረችው ሆዳን፣ አሁን በቦታህ የምታስተምረው፣ ዲሹ ከመነቀሉ በፊት አንድ ከባድ ዝናብ እስኪመዘገብ እንዲታገሷት ለመነች። ዝናብ የማይክሮዌቭ ሞገድን ምን ያህል እንደሚያዳክም ለማወቅ የጀመርከው ጥናት የጎደለው እሱ ብቻ ነበር።

ሰማዩ ሲያጉረመርም ሆዳን ከላቦራቶሪው ደወለች። ሞገዱ ጠፍቶባታል፤ እሷ እስክትደርስ ዝናቡ ይቀድማል። ወጥቼ ሳይ ኸድጃ የልብስ ገመዷን ከምሰሶህ ጋር አስራዋለች፤ እርጥብ ብርድ ልብሷ ዲሹን ጎትቶ አዙሮታል። ፈታሁት። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ እንዳሳየኸኝ ብሎኑን ላላ አድርጌ ዲሹን በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ። ሆዳን ከወዲያ የሞገዱን ጥንካሬ ቁጥር ታነብልኛለች።

«መዓሊማ፣ ተገኘ! በቃ፣ አይንኩት!» ብላ ጮኸች።

እሺ አላልኳትም። አንተ «መጀመሪያ ጥሩ የመሰለሽ ላይ አትቁሚ፤ ከዋናው ከፍታ ጎን የሚያታልል ትንሽ ከፍታ አለ። አልፈሽው ሂጂና ተመለሺ» ትለኝ ነበር። አለፍኩት። ቁጥሩ ወረደ፤ ሆዳን «ወላሂ አጠፉት!» አለች። ጥቂት ስጨምር ከመጀመሪያው እጅግ ከፍ ብሎ ተነሣ። ቦታውን ምሰሶው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ብሎኑን አጠበቅኩ።

የገባኝ እዚያው ጣሪያ ላይ ነው። ያኔ ሆስፒታል ሳለህ ትኩሳትህ በረደ፣ ሾርባህን ጨረስክ፣ «አየሽ፣ ደህና ነኝ» አልክ። ምርመራው ሳያልቅ፣ ሁለታችንም ደስ ብሎን ከሆስፒታል ወደ ቤት ገባን። የመጀመሪያው ጥሩ ምልክት ላይ ቆምን። አንተ ለዲሽ የማታደርገውን፣ እኔ አስተማሪዋ ለተማሪ የፈተና ወረቀት የማላደርገውን፣ ለአንተ ሕይወት አደረግነው። የአላህ ውሳኔ መሆኑን አምናለሁ። አልፈን ብናይ ኖሮ የሚለው ግን ከውስጤ አልወጣም።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ሞገዱም አንተ እንደገመትከው አዘቀዘቀ፤ ሲያባራ ተመለሰ። ሆዳን ጥናቱ ላይ ስምህን ከራሷ አስቀድማ ትጽፋለች።

ዲሹን ሊወስዱት ይመጣሉ። ኸድጃ አፍራ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ገመዷን መልሳ እንድታስር ነግሬያታለሁ፤ ምሰሶው ለልብስ ይሁን። የእርሳሱን ምልክት ግን በየዝናቡ ማግስት ወጥቼ አደምቀዋለሁ፤ ወደየት ትመለከት እንደነበር እንዳልረሳ።

ያንተው ዘሃራ