በጫጩት ቤት ላይ የተቸነከረው ወንፊት

ኅዳር ፲ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.
ጎንደር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ የተሰወረውን ሁሉ በሚያይ ጌታ ስም ሰላምታዬ ድሬዳዋ ድረስ ይድረስህ።

ለውድ ልጄ ለመዝሙር፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንደምን አሉ? እኛ፣ ስሙ ይክበር ይመስገንና፣ በሕይወት አለን። እናትህ ወለተ ሚካኤል ናፍቆቷን ጻፍልኝ ብላኛለች። ደቀ መዛሙርቱም ድጓቸውን ቀጥለዋል፤ እኔ በሌለሁባቸው ሳምንታት ግን ዜማውን እንደ ፍየል መንጋ በትነው ጠብቀውኛል።

በስልክ የነገርንህ የነገሩን ግማሽ ነው። እህትህ ጽዮን በመስከረም በወባ ታመመች፣ የስድስት ወር ፅንሷም ወረደ ብለንሃል። አንተ የላክኸው የሽቦ ወንፊት በዚያን ጊዜ በመስኮቷ ላይ እንዳልነበረ፣ ማን እንደ ነቀለውም አልነገርንህም። ብነግርህ በማግሥቱ ተሳፍረህ እንደምትመጣ፣ መጥተህም እጅህን እንደምታነሣ አውቃለሁ። በዱላ የሚያልቅ ነገር ለእኔ አነሰብኝ። ከዚያ የሚከብድ እፈልግ ነበር።

ሽቦውን ግንቦት ላይ እንፍራንዝ ወርጄ ከባሏ ከአስማረ ጋር በገዛ እጄ ቸንክሬው ነበር። አማቷ በላቸው ከደጁ ቆሞ ያየን ነበርና፣ «ምነው መሪጌታ፣ ልጂቱን ለወህኒ ቤት ነው እንዴ የዳሯት?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

ጽዮን ለፍልሰታ ወደ እኛ መጥታ ሳለ ጭልፊት የአማቷን ጫጩቶች ይለቅም ጀመር። በላቸውም ወንፊቱን ከምራቱ መስኮት ነቅሎ በጫጩት ቤቱ ላይ ቸነከረው። ለዘመን መለወጫ ስትመለስ ሽቦው ከግቢው መካከል፣ መስኮቱም ባዶውን ጠበቃት። የክረምቱ ውኃ በየጉድጓዱ ያቆረበት፣ ትንኝ የምትፈላበት ወራት ነበር፤ የአልጋዋም አጎበር አርጅቶ ተቀድዶ ነበር። የአገራችንን ወግ ታውቃለህ፤ ምራት አማቷን «ያነሣኸውን መልስ» አትለውም። አንገቷን ደፍታ አንድ ቀን ብቻ፣ «አባባ፣ መስኮቱ እኮ ባዶ ሆነ» አለችው።

«ጫጩቶቹ ጠና ሲሉ እመልሰዋለሁ። ትንኝ ከጭልፊት አትብስም!» ብሎ መለሰላት። አስማረም አባቱን ፈርቶ መሬት መሬት አየ።

ጫጩቶቹስ ጠኑ፤ አንዲት እንኳ አልሞተችም። እህትህ ከጤና ጣቢያ ባዶ ሆዷን ይዛ ስትመለስ በግቢው ውስጥ ሲጭሩ አገኘቻቸው።

ከዚያ ወዲህ የእርግማኑን ዳዊት፣ መቶ ስምንተኛውን መዝሙር፣ በበላቸው ላይ ሳልደግም የዋልሁበት ቀን የለም። በማኅበር አቡነ ዘበሰማያት ስናደርስ፣ በደልን ይቅር ስለ ማለት ከሚናገረው ቃል ስንደርስ አፌን እዘጋለሁ። እግዚአብሔርን በሐሰት ከማነጋገር ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ነው።

ጥቅምት ሲገባ አያ ምንይችል የሚባሉ የእንፍራንዝ ሽማግሌ በላቸውንና ሌሎች ሽማግሌዎችን አስከትለው ቤታችን ድረስ ለዕርቅ መጡ። በላቸው ነጠላውን አደግድጎ ከበራፉ ቆመ። ለካሳ ጊደር አቀረቡልኝ።

«ጊደር አልፈልግም» አልሁ። «የተበደለ ካሳውን ይጠራ ዘንድ ሥርዓት ነውና እጠራለሁ። ልጄ በታመመችበት አልጋ ላይ፣ በዚያው ባዶ መስኮት ሥር፣ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ኅዳር ጽዮን ይተኛ። አጎበር አይዘርጋ፤ ጭስ አያጭስ።»

አያ ምንይችል ጺማቸውን እያሻሹ፣ «መሪጌታ፣ ይህ ካሳ ነው ወይስ ግዞት?» አሉኝ።

«ልጄ የተኛችበት አልጋ ነው። ግዞት ከሆነ እርሷን ማን አጋዛት?»

በላቸው ቀና ብሎ፣ «እተኛለሁ» አለ። መፈጸሙን የሚያይ ማን ይሁን ሲባል፣ «እኔ» አልሁ።

እንዲህ ሆኖ ዳዊቴን ይዤ እንፍራንዝ ወረድሁ። ጽዮንና ባሏ በጤና ኬላ አዲስ አጎበር ተሰጥቷቸው ወደ ጓዳ ተዛወሩ። እኔ ፀሐይ ስትጠልቅ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ግርጌ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዳዊቴን እደግማለሁ፤ ዓይኔ ግን በአልጋው ላይ ነው። በመጀመሪያው ምሽት በላቸው ደረቱን ገልጦ ተንጋለለ።

«ይመልከቱ መሪጌታ! እኔ ከዚህ ውኃ ዳር ያደግሁ ነኝ። ትንኟ ከነአባቴ ታውቀኛለች፤ ታፍረኛለች።»

«እርሷ ብታፍር እኔ አላፍርም» አልሁት።

«እንግዲያው ጮክ ብለው ይድገሙ፤ እንቅልፌ ሸጋ ይሆንልኛል።»

አንኮራፋም። ያን ማንኮራፋት ስሰማ፣ ልጄ፣ ከንፈሬ ዳዊት ይላል፣ ልቤ ግን የትንኟን ድምፅ ያዳምጣል። ወደ እርሱ ስትሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን የምጽፍልህ ለንስሐ ብዬ አይደለም፤ ደስ ይለኝ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ንዳዱ ያዘው። አልጋው ከነእግሩ ተንቀጠቀጠ። ደስታዬን አቅፌ ተቀምጬ ሳለ ጽዮን ውኃና ኪኒን ይዛ ገባች፤ ከጤና ጣቢያ አስመጥታለት ነበር። አንገቱን ደግፋ አጠጣችው።

«ተይው!» አልኋት። «አንቺን ማን ደገፈሽ?»

ዞር ብላ አየችኝ። ከሕመሟ ወዲህ ዓይኗ እናትህን መስሏል። «አባዬ፣ ለእኔ ብለው ከሆነ እኔ አልላክሁዎትም» አለችኝ። «ደግሞስ እርስዎን ምን ይከልልዎታል? መስኮቱ እኮ ለእርሱ ብቻ አልተከፈተም።»

ንዳዱ ሲለቀው አያ ምንይችል ሊጠይቁት መጡና፣ «በቃህ፣ ወደ ክፍልህ ግባ፤ መሪጌታም እሺ ይላሉ» አሉት። እኔ እሺ አላልሁም፤ እርሱ ግን ቀደመኝ።

«ኅዳር ጽዮን ሳይደርስ ከዚህ አልጋ አልወርድም» አለ። ያ ሁሉ ቀልዱ ጠፍቶበት ነበር። «ማንም አይማልድልኝ። ለእርሳቸው የልጅ ልጅ ነበረ፤ ለእኔስ ምን ነበረ?»

መዝሙር ልጄ፣ ይህን ስሰማ ዳዊቴን ዘጋሁ። በማግሥቱ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ጎንደር ወጣሁ።

በእኔ አለመኖር ይደሰት ይሆናል ብዬ ነበር። አስማረ ትናንት ደውሎ እንደ ነገረኝ ግን፣ የሚያየው ሰው ባይኖርም እስከ ዛሬ ከዚያው አልጋ ላይ ነው፤ አጎበርም ቢያመጡለት መልሷል። አሮጌውንም ሽቦ ከጫጩት ቤቱ አስነቅሎ ነበር፤ ዶሮዎቹ ቀድደውት አገልግሎት የለውም።

እንግዲህ የምለምንህ ይህን ነው። ያን ዓይነት ሽቦ፣ ቀዳዳው የጠበበውን፣ ዝገት የማይበላውን፣ ገዝተህ በመጀመሪያው አውቶቡስ ስደድልኝ። የመስኮቱን ልክ በክር ለክቼ ከደብዳቤው ጋር አጥፌዋለሁ፤ ቋጠሮው ወርዱን ያሳይሃል። ኅዳር ጽዮን ሳይደርስ መስኮቱ ላይ መመታት አለበት። ራርቼለት እንዳይመስልህ። ካሳውን ጨርሶ፣ ነጻ ወጥቶ፣ በአደባባይ አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲሄድ አልፈቅድለትም። እኔ በገዛ እጄ ሳስቆመው ግን ቀሪው በራሱ ላይ ይቀራል፤ ቀሪውን ተሸክሞ ይኑር። ከዚህ የባሰ ቅጣት አላገኘሁለትም። እናትህ ይህን ሳነብላት ፈገግ አለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ጽሕፈቴ ቢያዘነብል ፍረድልኝ። በቀትር፣ ከፀሐዩ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለት ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልህ፤ ብዕሩ ከጣቴ አልጸና ብሎኛል። ከቆላ የተመለሰ ሰውን የጎንደር ብርድ እንዲህ ያደርገዋል። እናትህ ጤና ጣቢያ እንሂድ እያለች ታስቸግረኛለች። ሄጄ የምሰማው ነገር ወሬው እንፍራንዝ ሳይደርስ አይቀርም፤ ያን ሰው ደግሞ ደስ አላሰኘውም። ምናልባት ነገ እሄድላታለሁ። ሽቦውን ሳልመታ መውደቅ አልሻም፤ ምስማሩን የምይዘው እኔ ነኝ።

የአባቶቻችን አምላክ ቤትህን በቀኝ እጁ ይጠብቅ። ባለቤትህን በጤና፣ ልጆችህን በዕድሜ ይባርክልህ። ብርሃኑ በመስኮትህ ይግባ፤ ክፉ ሁሉ ከውጭ ይቅር። በዚያ ክፍል ለተኛውም እንዲሁ ይሁን። አሜን።

አባትህ
መሪጌታ ገብረ ኪዳን