ቡፌሽ ከቦታው የተነሳበት ምክንያት

ውድ ኢንሳፍ፣

ይህን ደብዳቤ ወደ ኩዌት ለሚበር ሰው የሰጠሁት ሐሙስ ቤት ከመግባትሽ በፊት እንዲደርስሽ ነው። በስልክ ብነግርሽ መሃል ላይ ታቋርጪኛለሽ፤ ደብዳቤን ግን እስኪያልቅ የሚያቋርጠው የለም። ሰፈራችን ሹብራ ሰላም ነው። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር አሁንም ያምፃል። ቡፌሽ ከቦታው ተነስቷል።

ተቀመጪ። አንድም ስኒ አልተሰበረም።

በመጀመሪያው ዓርብ፣ እዚያ ኩዌት በሐጂ ፍክሪ ሳሎን ተቀምጣችሁ በቪዲዮ ጥሪው ያያችሁትን አውቃለሁ። ሐጂው "ለልጄ ለላሚስ ባለመስተዋት ቡፌ ትገዛላችሁ ወይ?" ብለው ሲጠይቁኝ "በደስታ!" ልል አፌን ስከፍት ምስሉ ደርቆ ቀረ። በዚያ ትልቅ ቴሌቪዥናቸው ላይ ሎሚ የነከሰ ሽማግሌ ተሰቀለ። ላሚስን ሊያጭ የተቀመጠው ልጃችን ሐዜም "አባቴ ሁሌም እንዲህ ነው" ማለቱ ነገሩን አላሻሻለውም። "ፊቱን ለሚያጨማድድብኝ ሰው ልጄን አልድርም፤ የእጮኝነቱ የፋቲሓ ጸሎት ለሚቀጥለው ዓርብ ይደር፤ ያኔም እንዲህ ከሆነ በየቤታችን" ማለታቸውን አንቺው ደውለሽ ነገርሽኝ።

በዚህ በኩል የሆነውን ግን አታውቂም።

በማግስቱ ከላይኛው ፎቅ ፈሪያልን ጠራኋት። እንደምታውቂያት ከፊዚክስ መምህርነት ጡረታ ወጣች እንጂ ተማሪ ከመገሠጽ አልወጣችም።

"ራውተሩን አጥፍተህ አብርተኸዋል?"

"ደጋግሜ። አንዴም ከስድብ ጋር።"

"ኮምፒውተሩስ የት ነው?"

ከብረት ጠረጴዛዬ ሥር ነበር፤ አንቴናው ከጀርባው ግድግዳውን ተጠግቶ። "እኔ እንኳ ልጅ ስቀጣ እንዲህ አላደርግም" አለችና ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስወጣችኝ። አንቴናውንም በገመድ አስረዝማ ወደ ፊት አመጣችው። አንድ የነበረው የዋይፋይ መስመር ሁለት ሆነ። ምስሉ ግን መድረቁን አልተወም።

በእሷ ስልክ ለምን አላወራህም ትዪ ይሆናል። የእኔው ባለቁልፍ ነው፤ ፈሪያል ደግሞ ስልኳን ያለ ፈሪያል አታውስም። ሐጂ ፍክሪን የሚገሥጽ ሰው በዚያ ሰዓት አላስፈለገኝም።

ስልኳን ይዛ ግን ቤቱን ዞረችልኝ። በሩ አጠገብ፣ ራውተሩ ካለበት፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው። ሳሎንም ሙሉ ነው። ቡፌሽን አልፋ ወደ እኔ ክፍል ስትጠጋ ወደቀ። ተመለሰች፤ ሞላ። አለፈች፤ ወደቀ። ከዚያ የቡፌውን መስተዋት በጣቷ አንኳኳች።

"መስተዋት ከኋላው የብረት ቅብ አለው፣ ዋጊህ። ብርሃኑን እንደሚመልስ ሞገዱንም ይመልሳል። ራውተርህ እስከ ዛሬ ሲያገለግል የኖረው የኢንሳፍን ስኒዎች ነው።"

"እና ይነሳ ነው የምትዪው?"

"እኔ ምንም አላልኩም። እዚህም አልነበርኩም።"

የሕንፃውን ዘበኛ ረሽዋንን ጠራሁ። ቡፌውን አይቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ጌታዬ፣ ፍሪጅ ይበሉኝ፣ አልጋ ይበሉኝ። የእሜቴ ኢንሳፍን ቡፌ? ኧረ እኔ የልጆች አባት ነኝ!"

"ስኒዎቹን የማወጣው እኔ ነኝ። አንተ የምትገፋው ባዶውን ነው።"

"እሺ፤ ግን ሲነግሯት ስሜን አያንሱ።"

አነሣሁት፤ ይቅር ይበለኝ።

ስኒዎቹን በአልጋው ባንቺ በኩል ደረደርኳቸው፤ ከሄድሽ ወዲህ ያ ቦታ ባዶ ነበር። ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ "ለእንግዳ ናቸው" ስትዪኝ ኖረሻል። የአጎትሽ ልጅ ዳኛ ሆኖ መጣ፤ ለእሱም አልወጡም። ቡፌው ወደ መስኮቱ ግድግዳ ዞረና መስመሮቹ ሁሉ ሞሉ። እዚህ ያልነበረችው ፈሪያል ሻይ አፍልታ ባለወርቅ ጠርዙ ስኒ ላይ ቀዳችልኝ።

"ኧረ ተዪ!" አልኳት።

"ሻይ የማይቀዳበት ስኒ የሙዚየም ዕቃ ነው። እንግዲያው በሩ ላይ ትኬት ሽጥ!"

ጠጣሁ። ሻዩ ያው የእኛው ሻይ ነው፤ ከንፈር ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ በሌላ ስኒ አልጠጣሁም፤ ዓርብ ዕለትም በእጄ መኖሩን ረስቼው ነበር።

ምስሉ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት ቅንድብሽን ነው። ወደ ስኒው ተነሥቶ ነበር። በሰው ፊት አንዲት ቃል ከአፍሽ አልወጣችም፤ እኔ ግን ያንን ቅንድብ ማንበብ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመቴ ነው።

"ቡፌውስ?" አሉ ሐጂው።

"በደስታ!" አልኩ፤ ይህኛው ደረሰ። "ግን አንድ ነገር አለኝ። ላሚስ በቡፌዋ ስኒዎች ትጠጣባቸው።"

የላሚስ እናት ደነገጡ። "ቢሰበርስ?"

"ይሰበራላ! ስኒ እኮ ነው።"

ላሚስ ሳቀች። ሐጂው እሷን አይተው ሳቁ። "እኔም በገዛ ቡፌዬ ስኒ ጠጥቼ አላውቅም፤ በሉ፣ እጃችንን እንዘርጋ" አሉ። ስኒውን አስቀምጬ ፋቲሓውን አብረን ቀራን፤ እጮኝነቱም ታሰረ። ያንቺም እጅ ተዘርግቶ ነበር፤ ዓይንሽ ግን ከስኒው አልተነቀለም።

ቡፌው ወደ ቦታው አይመለስም፤ ሐጂ ፍክሪ እስከ ሠርጉ በየዓርቡ ሊያዩኝ ይፈልጋሉ። ስኒዎቹን ግን መልሻቸዋለሁ፤ ከሁለት በቀር። ለእንግዳ ናቸው ያልሽው እውነትሽን ነው። እንግዳዋ ሐሙስ ከኩዌት ትገባለች፤ ሻይዋን ጥጄ እጠብቃታለሁ።

ቅንድብሽን በቅርብ ለማየት የቸኮለው፣
ዋጊህ