ሙሽራዋን ከፎርዷ ያወረድኩበት ዳገት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ዋጋዬ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ ይህን ክረምት እንዴት ይዞሻል? ፍልሰታን በሰላም ፈታሽ? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ብሷል ሲሉ ሰምቼ ሳስብሽ ነው የሰነበትኩት። የማኑስ ሳል ተወው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ያመመኝ ሌላ ነው።

በየሳምንቱ እየተደዋወልን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ልነግርሽ እጀምርና ድምፅሽን ስሰማ ወሬ ቀይሬ እዘጋዋለሁ። የልጅሽ የብሩክታዊት ሚዜ እታለም ለእረፍት አገር ቤት ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። በሐምሌ፣ በልጅሽ ሰርግ ቀን፣ በስልክ እያየሻት ሳለ ምስሉ ድንገት ጠፋብሽ። ደጋግመሽ ስትደውዪ «ኔትወርክ ነው» አልኩሽ። ኔትወርክ አልነበረም እትዬ። ዋሽቼሻለሁ። ብቻዬን ተቀምጬ ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

ነገሩ ከመኪና ይጀምራል። የሙሽራው የአቤሴሎም ጎረቤት ቶርላይፍ የሚባል ጡረተኛ ሽማግሌ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራች ጥቁር ፎርድ አለችው፤ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ ነው። ልጅሽ አንዴ አይታት ልቧ ቀረ፤ በሰርጌ ቀን በእሷ ነው የምሄደው አለች። እኔ ደግሞ በልቤ የያዝኩት ነጭ ረጅም መርሰዲስ ነበር። አባቷ በሕይወት የለ፣ አንቺ ቪዛው አልሳካ ብሎሽ ቀረሽ፤ የሁለታችሁንም ቦታ ይዤ ቆሜ፣ ልጅቷን ቁራሌ በማይገዛው መኪና ዳራት እንዳልባል ፈራሁ። ይህንኑ ፊቷ ላይ ተናገርኩ።

አዳራሹ ግሮሩድ በሚባለው የኦስሎ ዳር ሰፈር፣ ጫካው ሥር፣ ዳገት ላይ ነው። ግርጌው ስንደርስ ቶርላይፍ መኪናዋን አዞራትና ሙሽሮቹን እንደያዘች በኋላዋ ሽቅብ መውጣት ጀመረች። ሰርገኛው ከታች እየጨፈረ ይከተላል፤ እታለም ከሁሉ ፊት ሆና ስልኩን ወደ ብሩክታዊት ይዛልሻለች። ለእኔ የታየኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። በእኛ ቤት ሰርገኛ በሄደበት መንገድ እንኳ አይመለስም፤ ታዲያ ሙሽራ ወደ ኋላ ስትሄድ ሰው ምን ይላል? ሮጬ ሄጄ መንገዱ ላይ ተገተርኩ። በተሰባበረው ኖርዌጅኛዬ ታሾፍብናለህ ወይ እያልኩ ሽማግሌው ላይ ጮህኩበት። እታለም እጅ ላይ ያለውን ስልክ ነጥቄ አጠፋሁት። ብሩክታዊትን ክንዷን ይዤ አወረድኳትና በጓደኛዬ በዋለልኝ ቶዮታ አሳፍሬ ላክኋት። ቶርላይፍ ለእኛ ክብር ብሎ ከረባት አስሮ ነበር የመጣው። መሪውን እንደያዘ ብቻውን ቀረ። በማግሥቱ ደግሞ ቪዲዮ አንሺውን ያችን ቦታ ቁረጥልኝ ብዬ ለመንኩት።

አቤሴሎም ሂድና ሰውየውን አነጋግረው ሲለኝ እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ሽማግሌው ደጅ አላቆመኝም። የፊት ወንበሯን አንስቶ የቤንዚኗን ማጠራቀሚያ አሳየኝ። ቤንዚኑን የሚገፋ ፓምፕ የላትም፤ በገዛ ክብደቱ ወደ ሞተሩ ይፈሳል። ዳገቱ ቀጥ ሲል ሞተሩ ከቤንዚኑ በላይ ይሆንና ይጠማል፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን ገበሬውም ሐኪሙም አዙሮ በኋላ ማርሽ ነበር የሚወጣው። ማንም አላፈረበትም።

እንደሷ ያሉት ከመምጣታቸው በፊት መኪና የባለጸጋ ነበር አለኝ፤ ጥቂት ባለሙያዎች ከበው አንድ በአንድ ይሠሩት ነበር። የፎርድ ፋብሪካ ግን ሻሲውን፣ የመኪናውን አጽም፣ በሰንሰለት እየጎተተ ሥራው ወደ ሠራተኛው እንዲመጣ አደረገ። አንዱ ጎማ ያስገባል፣ አንዱ ብሎን ያጠብቃል፣ ቀኑን ሙሉ ያንኑ። መኪናዋ ረከሰችና ተራው ሰው ገዛት። ሠራተኛው ግን ታክቶት ሥራውን እየጣለ ሲሄድ ደመወዙን እጥፍ ለማድረግ ተገደዱ። እኔ የምሠራበት ቫስከሪ፣ የሆቴል ልብስ የሚታጠብበት ቤት፣ አንሶላው በቀበቶ ይመጣልኛል፤ ጫፉን ይዤ ለማሽኑ አጎርሳለሁ፤ ዘንድሮም አምናም ያንኑ ጫፍ። የእኔ ቢጤዎች ለእኔ ቢጤ የሠሯትን መኪና ነው ለካ የናቅኳት። የምገባበት ጠፋኝ።

የባሰው ገና ነበር። ቶርላይፍ ዳገት የሌለበት ሌላ መንገድ አለ ብሎ አስቀድሞ ነግሯት ኖሯል። እሷ ናት እምቢ ያለችው። ያለችውን እንዳለ ነገረኝ፦ «ወደ ኋላ ስንወጣ ፊቴ ወደ ሰርገኛው ይዞራል። እናቴ እስከ ላይ ድረስ ታየኛለች።»

እትዬ፣ እኔ ያጠፋሁት ያንን ነው።

ልጅሽ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረችኝም። አንቺ ስትጠይቂያትም ኔትወርክ ነው ብላ ገመናዬን ሸፈነች፤ ይህ ከስድብ በላይ አመመኝ። መኪናዋን ለምነን እንደገና እንውጣ ብዬ ብጠይቃት፣ «ሰርግ አይደገምም ጋሼ። ለእማዬ ግን እውነቱን አንተው ንገራት፤ እኔ ሁለተኛ አልዋሽላትም» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቴ አልመጣችም።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ማኑን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ፤ የላክሁለትን ሹራብ ይልበስ። ለአክሱማዊትና ለልጆቿ፣ ለደጅሽ ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም በዪልኝ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ለእኔ አትደውዪ፤ ቁጣሽ ይቆየኝ። ለብሩክታዊት ደውዪላትና እስክትጠግቢ ፊቷን እዪው።

ያፈረው ወንድምሽ ታደገ

ኦስሎ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.