በባሌ አይደለም የቀናሁት፣ በዕድሉ ነው

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1974

ሁለተኛ ቢጠይቀኝ እኮ እሺ እል ነበር!

አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝ። የሆስፒታላችን ዳይሬክተር ከጦሩ የመጣ ሐኪም ነው፤ ነገር አይደግምም። ባለፈው ወር እኔንና ደምሴን ቢሮው ጠራንና «ለቀዶ ሕክምና ትምህርት ከሶቪየት ኅብረት አንድ ቦታ መጥቷል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትሄዳላችሁ። ማን ይሁን?» አለ። ደምሴ ጫማውን አየ። እኔ ደግሞ እንዳደግሁበት «ኧረ እሱ ይሂድ» አልኩ። ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልኝ «በልቻለሁ» እንደምለው ማለት ነው። በሞቴ ይባላል፣ በሞቴ ይደገማል፣ ከዚያ እጅ ይታጠባል። ወጉ ይኸው ነው። ዳይሬክተሩ ግን «ጥሩ» ብሎ ጻፈ። በቃ፣ ገበታው ተነሳ።

ዛሬ ማረጋገጫው ከአዲስ አበባ መጣ። ደምሴ፣ ባሌ፣ ሌኒንግራድ ሄዶ ሰርጅን ሊሆን ነው። እኔ ሚስቱ እዚሁ ናዝሬት ተመላላሽ ክፍል ተቀምጬ ወባና ተቅማጥ ሳክም ልኖር ነው።

እቅፍ አድርጌ ሳምኩት። «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ከልቤ ግማሹ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ትንሹ ግማሽ።

ዓርብ

ቤቱ ገበያ ሆኗል። የደምሴ እናት እማማ በላይነሽ ከአሰላ ገቡ፤ እልልታቸው የተሰማው ገና ከመንገዱ ነው። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በርበሬ ልትቀነጥስልን መጣች። ዝናቡ ፋታ ሲሰጠን እናሰጣለን፣ ሲመጣ ሰፌድ ይዘን እንሮጣለን።

ለመንገደኛው የሚዘጋጅ (ማን እንደሚያዘጋጀው የጠየቀ የለም)፦
በርበሬና ሽሮ
የገብስና የቅቤ ጭኮ፤ እሱን እማማ ይዘዋል
ዳቦ ቆሎ፤ ስኳር የለንም፤ ወንጂ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳር በኩፖን!
ወፍራም ካፖርት፤ በናዝሬት ሙቀት ካፖርት የሚሸጥ ነጋዴ ካለ ጤንነቱን ልመርምረው

የሚያጽናናኝ ሰው ሁሉ የሚያጽናናኝ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሩሲያዊት። አዴ ጫልቱ በርበሬውን እየቀነጠሰች «ሂን ያዳኢን ዶክተርዬ፣ አታስቢ! ፈረንጇ ምን ታውቃለች? ጭኮ ትሠራለታለች?» አለችኝ። እማማ ደግሞ «የኔ ልጅ ዓይኑ አይንከራተትም። ብቻ አንቺም ቶሎ ቶሎ ጻፊለት» አሉ።

ፊቴ ላይ ቅናት አይተዋል። አልተሳሳቱም። ግን በሴት አይደለም የቀናሁት! ሩሲያዊቷን ካማረችው ያግባት፣ ቦታውን ለእኔ ይተውልኝ።

(ይህን ጽፌ ራሴ ሳቅሁ። ኧረ አያግባት።)

ቅዳሜ

ደምሴ ከእናቱ ጋር እያወራ በወንበሩ እጀታ ላይ ጥቁር ክር ይቋጥራል። የሰርጅን ቋጠሮ ልምምድ ነው፤ ደም ሥር የሚታሰርበት፤ በአንድ እጅ፣ ቶሎ፣ ሳያዩ። አራተኛው ላይ ክሩ ተተበተበበት። አይ ደምሴ! ተማሪዎች ሳለን መምህራችን የእኔን ቋጠሮ አንስቶ «እንዲህ ነው የሚቋጠረው» ብሎ ለክፍሉ ሁሉ አሳይቷል። ደምሴም አብሮ አጨብጭቦ ነበር። ዛሬ ይህን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ቢያንስ እዚህ ይጻፍ።

ከሰዓት እሱ ለፓስፖርት ፎቶ ሊነሳ ወጣ፤ እማማ ልጃችንን ሕሊናን ይዘው ገበያ ሄዱ። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ከክሩ ወሰድኩና የአልጋው ራስጌ ብረት ላይ ቋጠርኩ። በቀኝ ቋጠርኩ። በግራ ቋጠርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ቋጠርኩ። እጄ ምንም አልረሳም! እንደዚያ ደስ ያለኝ መቼ እንደነበር እንጃ። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በሩ ሲንኳኳ ፊቴን ጠርጌ ወጣሁ።

እሑድ

ሶደሬ። የሆስፒታሉ ሰዎች ለደምሴ የሽኝት ግብዣ አዘጋጁለት። ጦጣዎቹ ዳቦ ሲነጥቁን ሕሊና በሳቅ ሞተች። ለእሷ ስል እንኳንም ሄድኩ።

ዳይሬክተሩ ብርጭቆ ይዞ ተነሳ። «ጓዶች፣ ደምሴን ብቻ አናመስግን። ባለቤቱ ስጠይቃት ምንም ሳታመነታ እሱ ይሂድ ብላለች። አብዮቱ የሚፈልጋት ሴት እንዲህ ያለችዋን ነው!»

ተጨበጨበ። ተነስቼ እጅ ነሳሁ፤ ምን አደርጋለሁ? ቢራ የሞላ ብርጭቆ ይዤ ነበር። ወዴት ልደፋው እንደምፈልግ እግዜርና እኔ እናውቃለን።

ፋርማሲስታችን «አደራ፣ ናታሻ ይዘህብን እንዳትመጣ!» ሲል ሁሉም ሳቁና እኔን አዩኝ። እኔም ሳቅሁላቸው። ከዚያ ፍል ውሃው ውስጥ ገብቼ ሰው እስኪሰለቸው ዋኘሁ። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ፊቱ ቢረጥብ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሰኞ

ጉድ ፈላ።

ለካ ቅዳሜ ክሩን ሳልፈታው ነው የወጣሁት። እማማ አንሶላ ሊቀይሩ ገቡና አዩት። በልጃቸው ትራስ በኩል፣ ጥቁር ክር፣ ቋጠሮ በቋጠሮ! ከሥራ ስገባ ቤቱ በሙሉ ጸበል ተረጭቷል። እማማ ሳሎን ቆመው ያማትባሉ። አዴ ጫልቱም ተጠርታ መጥታለች፣ ግን ከደጃፉ ወዲህ አልገባም ብላለች።

«የቱ ደብተራ ጋ ሄደሽ ነው?» አሉኝ እማማ። «ልጄን ያሳሰርሽው እንዳይሄድ ነው? ወይስ ሄዶ ሌላ ሴት እንዳያይ?»

ምን ልበል? «ድግምት አይደለም፣ የሐኪም ልምምድ ነው» ብል፣ «የሚሄደው እሱ ነው፣ አንቺን ምን ያለማምድሻል?» ሊባል ነው። አዴ ጫልቱ ልትረዳኝ ብላ ከደጅ «ይተዉዋት እማማ፣ ባሏን ስለምትወድ ነው ያደረገችው» አለች። ጭራሽ አጸደቀችብኝ!

በዚህ መሃል ደምሴ ገባ። መኝታ ቤት ድረስ ወሰዱት። ጎንበስ ብሎ ክሩን በጣቱ ዳበሰው፣ ቆየበት። ከዚያ «እማዬ፣ የኔ ነው። ልምምድ ነው፤ ወንበሩ ላይ ስቋጥር አይተሽኝ የለም?» አለ። እማማ ትዝ አላቸውና በጣም አፈሩ። ግንባሬን ሳሙኝ። ደምሴ ግን ፊቴን ሳያይ ወጣ።

ማክሰኞ

ከሥራ በጋሪ ስንመለስ ነው። ባለጋሪው ከፈረሱ ጋር በኦሮምኛ ይጨቃጨቃል። ደምሴ ዝቅ ባለ ድምፅ «የኔ አልነበረም» አለኝ።

«ምኑ?»

«ቋጠሮው። የኔ ይላላል። በግራ እጅ የተቋጠረም አለበት። ያንቺ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቀንቻለሁ አልኩት፤ ናታሻ ምናምን ሳይሆን ባንተው ነው የቀናሁት፤ ካፖርትህ ሳይቀር ያስቀናኛል፤ ያን ቀን እንቢ ያልኩት ደግመው እስኪጠይቁኝ ነበር አልኩት።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«እንደምትፈልጊ። ደግመው ይጠይቋት ልለው ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሲጽፍ ሳየው ዝም አልኩ።» ዓይኑን ፈረሱ ላይ አድርጎ «እኔም ስለፈለግሁት» አለ።

ከጋሪው ልገፈትረው እጄ ተነሳ። እውነቴን ነው። መናደዱም ቅልል ማለቱም አንድ ላይ መጣብኝ። ለካ ሳምንቱን ሙሉ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ሁሉንም ያውቃል። ቤታችንን አልፈን ሄደን ኖሮ በእግር ተመለስን። እስካሁን አልታረቅንም።

ረቡዕ

ጠዋት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ፤ ከተቀመጥኩ ስለ ጤናው ጠይቄ እንደምወጣ ራሴን አውቃለሁ።

«እኔም ሰርጅን መሆን እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ እሱ ይሂድ ያልኩት ለወግ ነው።»

መነጽሩን አወለቀ። «ለወግ? እኔ እኮ ለማወቅ ነው የጠየቅሁሽ።»

«አሁን ይወቁት።»

ይቆጣል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። የውጭው አልቋል፤ የከርሞው መምጣቱን አላውቅም፣ ቃል አልገባልሽም አለ። ከዚያ ደምሴ ሲሄድ ኩባዊው ሰርጅናችን ረዳት እንደማይኖረው ነገረኝ። «ያን የወንጂ አገዳ ቆራጭ እጁን የሰፋለት ማነው ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አንቺ ነሽ አሉ። ከሰኞ ጀምሮ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከእሱ ጋር ብትገቢ...»

«እገባለሁ!» አልኩ።

ራት ላይ ነገርኳቸው። እማማ «ታዲያ ሕሊናን ማን ይይዛል?» አሉ። ደምሴ ግን የጠቀለለው እንጀራ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ኩባዊው? እኔን ዓመት ሙሉ የተከፈተ ቁስል ከማስያዝ በቀር ምን አስነክቶኝ ያውቃል? አንቺን ራሱ ጠየቀ?»

«ራሱ።»

«በስምሽ?»

«ስሜን አያውቀውም። ስፌቴን አይቶ ነው።»

የጠቀለለውን ገበታው ላይ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ያን ድምፅ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ የኔ ነበር። ቀንቷል! ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን እሱን እያየሁ ራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ።