በእጄ የሳልኩት ስንጥቅ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ይህ ወረቀት እጅሽ እስኪገባ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት እንጃ፤ ብቻ ሲደርስ ጤናሽ ተስተካክሎ፣ ቤትሽ ሞቆ ያግኝሽ። እንዴት ነሽ? እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ባለፈው በስልክ፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽ እማዬን ሳምንት ሙሉ አስጨንቀሻታል። ባለቤትሽስ እንዴት ነው? አሁንም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ሁሉ ሲያምስ ይውላል? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን ጨረሰች? የትንሹስ የፊት ጥርስ በቀለለት ወይስ ገና አፉን በእጁ ሸፍኖ ነው የሚስቀው?

እኛ ደህና ነን። እማዬ ጤናዋ ደህና ነው፣ ድምጿም ደህና ነው፤ እኔን ስትጠራኝ ሦስተኛው ግቢ ያሉት ሰዎች አቤት ይላሉ። ግን እታለም፣ ደህና ነን ያልኩሽ ለሰላምታው ያህል ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ እማዬ ከጎኔ አትጠፋም። ስለዚህ ሥራሽን ጨርሰሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው በጸደዩ መግቢያ፣ መንገዳችን ዳር ያሉት ዛፎች ማበብ ሲጀምሩ ነው። አንዲት ሴት የአናጢ ቤቴን በር አንኳኳች። ትልቅ ነጭ ጃንጥላ ይዛ ስለነበር ሠፈሩ በዚያው ቀን ባለጃንጥላዋ ብሎ ስም አወጣላት። የሥዕል መምህርት ነች። ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማውን ሠዓሊዎች ሰብስባ ከቤት ውጭ እንደሚስሉ፣ ዘንድሮ ደግሞ የኛን መንገድ አሮጌ ቤቶች መሳል እንደፈለጉ ነገረችኝ። የመጣችው አግዳሚ ወንበር ለመዋስ ነበር። ወንበሩን አወጣሁላት፣ ቆሜም አየኋቸው። ከጆሮዬ ላይ የተሰካውን እርሳስ አየችና፣ እጅህ እርሳስ ያውቃል፣ ለምን አትቀመጥም አለችኝ። እኔም ተቀመጥኩ።

አርባ ሁለት ዓመት የሞላው አናጢ ከተማሪዎች ጋር ሣር ላይ ተዘርፍጦ ዛፍ ሲስል አስቢው። የመጀመሪያ ዛፌን ያየች ጡረታ የወጣች ነርስ መጥረጊያው ቆንጆ ነው አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው፣ የባሰው እሱ ነው። ግን ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ዕድሜዬን ሙሉ የተመላለስኩበትን መንገድ ቁጭ ብዬ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። የጥግ ቤቱ ጣሪያ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ማለቱን፣ ፀሐይ ረፋድ ላይ መጀመሪያ የምትነካው የእማዬን ደረጃ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ እስኪደርስ ቀን መቁጠር ያዝኩ። ለእማዬ ግን ትንፍሽ አላልኩም። በዚህ ዕድሜዬ በወረቀት ስጫወት ብታየኝ ምን ትላለች ብዬ አፈርኩ።

የእያንዳንዱን ግቢ በር ያስከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መጀመሪያ እሺ አላለም ነበር፤ የማላውቀው ሰው ግድግዳዬን ምን ሊያደርገው ነው አለ። በኔ ይሁንብህ አልኩት። ይቺን ቃል ያዢልኝ።

እነሱ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ሥዕሉን ሣሩ ላይ ይዘረጋና ሳይነጋገሩ ይዞራሉ። የወደዱት ሥዕል አጠገብ አንዳንድ ጠጠር ያስቀምጣሉ። ማንም አይተችም፣ ማንም አያሞግስም፤ ጠጠሩ ብቻ ነው የሚናገረው። የኔ ወረቀት አጠገብ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አንድም ጠጠር አልተቀመጠም።

ሌሎቹ ግድግዳ ሲያዩ ጥላውን ያያሉ። እኔ የማየው መዝመሙን ነው። ስለዚህ ቱምቢዬን ከኪሴ አወጣና ክሩን ለቅቄ፣ ግድግዳው ስንት ጣት እንደዘመመ ለክቼ በወረቀቱ ጥግ እጽፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ የሙያ አመል ነው። ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። ባለጃንጥላዋ ግን አልሳቀችም። እንዳትተው፣ የአናጢ ዓይን አይዋሽም አለችኝ። የቤቱን ቁጥርና ቀኑንም ጨምርበት፣ ሥዕሉ ክብር ይኖረዋል አለችኝ። የልብ ልብ ሰጠችኝ፤ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር፣ ዘጠኙንም ቤት እየለካሁ ሳልኩ።

በመጨረሻ፣ እማዬ ገበያ በሄደችበት ቅዳሜ፣ ወደኛ ግቢ ገባን። ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ እስከ ጣሪያው የሚወጣውን ስንጥቅ ታውቂዋለሽ፤ ከእማዬ የሰረቅሽውን ከረሜላ የምትደብቂበት። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረው፣ በላዩ ላይ መዳፍ የምታህል ጄሶ ለጥፎበት ነበር። ስንጥቁ ከሰፋ ጄሶዋ ትሰነጠቃለች፣ ካልሰፋ ግን ቤቱ ጤነኛ ነው ይል ነበር። ያቺ ጄሶ እኔ ጢም ሳላበቅል የተለጠፈች ናት፤ ዛሬም ፀጉር የምታህል መስመር የለባትም። ልስላት ስል ባለጃንጥላዋ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። እሷን ተዋት፣ ነጭ ነገር መስመሩን ይቆርጥብሃል አለችኝ። ተውኳት። በጥጉም አራት ጣት የዘመመ ብዬ ጻፍኩ።

የዚያን ቀን ጠጠር ሁሉ እኔ ጋ ተከመረ። ባለጃንጥላዋ የራሷን ጠጠር ያስቀመጠችው ጎንበስ ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው። ከዚያ ሥዕሎቻችንን ለኤግዚቢሽን ብላ ሰበሰበች። ወደ ቤት ስመለስ እግሬ መሬት የሚነካ አልመሰለኝም።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ማዘጋጃ ቤቱ በዘጠኙም ግቢ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሕንፃ የሚሠራ አንድ ድርጅት ቤቶቹ ለነዋሪው አደገኛ ስለሆኑ ይፍረሱ ብሎ አመልክቷል፤ ማስረጃውን ማየት የሚፈልግ ይቅረብ ይላል። ከልብስ ሰፊው ጋር ሄድን። ጸሐፊው ፋይሉን ሲገልጠው ክው አልኩ። የነርሷ ጥላ የለ፣ የተማሪዎቹ አበባ የለ። ዘጠኙም የኔ ናቸው። የቤቱ ቁጥር በኔ ጽሕፈት፣ ቀኑ በኔ ጽሕፈት፣ ስንት ጣት እንደዘመመ በኔ ጽሕፈት። ከሥዕሎቹ በላይ ድርጅቱ ባለጃንጥላዋን ለዚህ ሥራ የቀጠረበት ደብዳቤ ተያይዟል። ቀኑን አየሁት። በሬን ከማንኳኳቷ ሁለት ወር በፊት፣ ዛፎቹ ገና ራቁታቸውን ሳሉ የተጻፈ ነው።

ልብስ ሰፊው ጽሕፈቴን ያውቀዋል፤ የመቁረጫ ጠረጴዛውን የሠራሁለት እኔ ነኝ። አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። በኔ ይሁንብህ ያልከኝ ለዚህ ኖሯል እንዴ ብሎኝ ብቻውን ወጣ። ከዚያ ወዲህ በበሩ ሳልፍ ሰላም እንዳልለው የስፌት መኪናውን አፍጥኖ ይረግጣል።

ቅዳሜ ደርሶ፣ አሁን ወደሚስሉበት ወንዝ ዳር ሄድኩባት። ጃንጥላዋ ሥር ተቀምጣ ቀለም ትበጠብጣለች፣ ብድግም አላለች። የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ የጻፍከው ውሸት ነው ወይ አለችኝ። አይደለም አልኳት። ታዲያ ምን በደልኩህ አለችኝ፣ ብሩሿን ሳታስቀምጥ። ነርሷ ዕቃዋን ሰብስባ እያለቀሰች ሄደች። እታለም፣ ሰው ሰውን ሊያታልል ይችላል፣ ይሄ አዲስ አይደለም። እኔን ያንገበገበኝ ያ ጠጠር ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቆንጆ ነገር ሠራሁ ብዬ ያመንኩባት ቀን፣ እሷ ፋይል የምትሞላባት ቀን ነበረች። ከዳችኝ። የገዛ እጄን ይዛ ነው የከዳችኝ።

ያም ሆኖ ነገሩ ገና አልሞተም ነበር። ጸሐፊው ደግ ሰው ነው፤ ለብቻዬ ጠርቶ መላውን ነገረኝ። የቤቱ ባለቤት ሥዕሉን አልቀበልም ካለ መሐንዲስ መጥቶ ግድግዳውን በዓይኑ ማየት አለበት፣ ደንቡ ነው አለኝ። መሐንዲስ ከመጣ ደግሞ ጄሶዋን ያያል፣ አለቀ። ለስምንቱም ጎረቤት ቤት ለቤት እየዞርኩ ነገርኳቸው። ፊት ነሱኝ፣ ግን ሰሙኝ። በቀጠሮው ቀን ስምንቱም የማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርበው አልቀበልም አሉ። መሐንዲስ ታዘዘላቸው።

የኛ መጨረሻ ነበር። እማዬ ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ ስትወጣ እንኳ አልቀበልም፣ አልቀበልም እያለች ትለማመድ ነበር፤ ሰው ዞሮ እስኪያያት ድረስ። ማን እንደሳለው ግን አልነገርኳትም። ጥፋቴን ለማረም አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ የሳልኩት እኔ ነኝ ማለት፣ እሱን ግን አፍሬ አልተናገርኩትም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሥዕሉን ወደሷ ገፋ አደረገና ይህ የእርስዎ ግድግዳ ነው ወይ አላት። መነጽሯን አደረገች። ስንጥቁን ከሥር እስከ ላይ በጣቷ ተከተለችው። ማን ነው የሳለው አለች። ሰብሳቢው ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ስሜን አይቶ፣ ልጅዎ ናቸው እንጂ አላት። እታለም፣ እማዬ ዞራ አየችኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። አባዬ ሲሞት ያልወጣ እንባ በዓይኗ ሞላ። ልክ ነው አለች ጮክ ብላ። ቁርጥ የኛ ግድግዳ! አንዲት ነገር አልሳተም! እኔ እማዬ፣ እማዬ ስል፣ አንተ ደግሞ አትግደርደር ብላ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ለሰብሳቢው፣ ይሄ ልጅ ከልጅነቱም እጁ የተባረከ ነው፣ ያየውን አይስትም አለችው። ጸሐፊው አቀርቅሮ የቤቱ ባለቤት ተቀብለዋል ብሎ ጻፈ። ይፈርሙ ስትባል ፈረመች። ስለ ጄሶዋ ልናገር ብነሳ፣ የቤቱ ባለቤት ተናግረዋል፣ የፈረመ ይግባኝ የለውም ተባልኩ።

ክረምቱ ሳይገባ ቤቱን እንለቃለን። ከዳቦ ቤቱ በላይ ሁለት ክፍል አግኝቻለሁ፤ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው፣ እማዬ አትቸገርም። ስምንቱ ቤቶች ደህና ናቸው ተብሏል። ልብስ ሰፊው ትናንት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝና እንዴት ዋልክ አለኝ። ከኩርፊያው ይልቅ ሰላምታው ከበደኝ።

እማዬ ቤቱ የሄደው ሹማምንቱ አስቀድመው ስለቆረጡ ይመስላታል። እንደዚያ ያልኳት እኔ ነኝ። እባክሽ እህቴ፣ ብትጠይቅሽም አንድ ቃል እንዳይወጣሽ። መናደድ ካማረሽ በኔ ተናደጂ፣ እችለዋለሁ።

ባለቤትሽን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። ትልቋን ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ያቺን ልጆች የምትጠብቅልሽን ደግ ጎረቤትሽንም እጅ ነስቷል በያት። እማዬ ዓይንሽን ትስምሻለች፤ ጉልበትሽን በሙቅ ውኃ እሺው ብላለች። ይህን ስጽፍ መነጽሯን ሳታደርግ ከጎኔ ተቀምጣ ሦስት ጊዜ ጽፈህላታል ወይ ብላኛለችና እነሆ ልጻፈው፦ የወንድምሽ ሥዕል ማዘጋጃ ቤት ተቀምጧል፣ ለሰው አይሰጥም ተብሏል፣ ኩሪ ብላሻለች።

ታናሽ ወንድምሽ

ከእማዬ ግቢ፣ ግንቦት ፳፩ ቀን